የሞተር ዘይቶችን ስለ ማደባለቅ

የሞተር ዘይት ለሚያስመጣም ሆነ በችርቻሮ ለሚሸጥ ነጋዴ ደንበኞቹ ዘወትር የሚያቀርቡለት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልዩ ልዩ ዘይቶችን ማደባለቅ ሞተርን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የዘይትን ሥራ መረዳት ያሻል።

የዘይት ዋና ተግባር ብረትና ብረት በቀጥታ እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ሆኖ መለየት ነው። ከዚህም በላይ ሙቀትን ያበርዳል፤ እድፍንና ጥላሸትን ያጥባል፤ ዝገትንም ይከላከላል። ይህን ሁሉ የሚፈጽመው መሠረታዊው ዘይት ብቻውን ሳይሆን ፋብሪካው በልክ ከሚጨምርበት ቅመም ጋር ነው። ከቅመሙም አንዱ ያጥባል፤ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ብረት እንዳይበላ ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ ዘይቱ በሙቀት ከመጠን በላይ እንዳይቀጥን ያደርጋል።

የኤ.ፒ.አይ. ደረጃ የተሰጣቸው የሞተር ዘይቶች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ የማይለያዩ መሆናቸው በፈተና ይረጋገጣል። ስለዚህ ዘይት የጎደለበት ሾፌር ከነጉድለቱ ከሚነዳ ሌላ የሞተር ዘይት ቢጨምር ይሻለዋል። ዳሩ ግን ሁለት ዘይቶች አልተለያዩም ማለት ጥራታቸው ተጠበቀ ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ ውፍረቱ ይለወጣል። በኤስ.ኤ.ኢ. ምደባ መሠረት ቁጥር 30 ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ9.3 እስከ 12.5፣ ቁጥር 50 ግን ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክስ ውፍረት አለው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚገኘው በመካከል ያለ፣ ቁጥሩም በጣሳው ላይ ያልተጻፈ ዘይት ነው። ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶ ወደ ጂቡቲ ሐሩር የሚወርድ የጭነት መኪና፣ ዘይቱ ከታዘዘለት በላይ ቢቀጥን ሽፋኑ እየሳሳ ኩሽኔታውና የፒስቶኑ ፋሻ ይበላሉ፤ ከታዘዘለት በላይ ቢወፍርም በማለዳ ሲነሣ ዘይቱ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል።

ሁለተኛም የቅመሙ ልክ ይዛባል። በኤ.ፒ.አይ. ምልክት «ኤስ» የቤንዚን፣ «ሲ» የናፍጣ ሞተር ዘይትን ያመለክታል። ጥላሸት ለሚበዛበት የናፍጣ ሞተር የተዘጋጀው ዘይት በሌላ ሲበረዝ የማጠብ ኀይሉ ይቀንሳል። ድብልቁም ከሁለቱ በዝቅተኛው ደረጃ እንዳለ መቆጠር ይገባዋል።

ከሁሉ የከፋው የካምቢዮ ዘይትን ከሞተር ዘይት ጋር መቀላቀል ነው። ቁጥር 90 የካምቢዮ ዘይት በውፍረቱ ከቁጥር 40 ወይም 50 የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባልና በቁጥሩ መታለል አያስፈልግም፤ ቅመሙ ለጥርስ የተዘጋጀ እንጂ ሞተር የሚያጥብ አይደለም።

ስለዚህ ነጋዴው የሚከተለውን ቢጠብቅ መልካም ነው። የአንዱን በርሜል ትርፍራፊ ወደ ሌላው አይገልብጥ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ፓምፕና መስፈሪያ ያኑር፤ በርሜሉንም ክዳኑን አጥብቆ፣ ዝናብና አቧራ ከማይደርስበት ስፍራ ያስቀምጥ። ለደንበኛውም ከመሸጡ በፊት የሞተሩን ዓይነትና መኪናው የሚጠቀምበትን የዘይት ቁጥር ይጠይቅ፤ በችግር ጊዜ ሌላ ዘይት የጨመረም ፈጥኖ ሙሉ በሙሉ እንዲለውጥ ይምከረው።

208 ሊትር ከሚይዝ በርሜል ሥር የሚቀር ጥቂት ዘይት ቢጣል ኪሳራው ጥቂት ነው። ተደባልቆ በፋብሪካው ስም ከተሸጠ ግን ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ሞተሩ ሲፈታ ይገለጣል፤ ያን ጊዜም ደንበኛው የሚያስታውሰው ዘይቱን የገዛበትን ሱቅ ነው።