የእናት አፍ፣ የልጅ ጥርስ

የሦስት ዓመት ልጅ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ጠቁረውና ተሸራርፈው ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ ጥያቄው ሁሉ የሚወርደው እናትየው ላይ ነው። ከረሜላ ታበዢበታለሽ? ጡጦ ጎርሶ እንዲተኛ ትተይዋለሽ? ጥርሱን አታጥቢለትም? አባትየው እዚያው አጠገቧ ቢቀመጥ እንኳ ጥያቄው ወደ እሱ አይዞርም። እሷም አንገቷን ደፍታ ትመልሳለች። እንዲህ ተወቅሳ የወጣች እናት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላለመምጣት ምክንያት አላት።

እናት በልጇ ጥርስ ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳላት አይካድም፤ ተመራማሪዎች ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያጠኑት የኖሩት ጉዳይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጥናት የሚወጣው እውነት ግን ለወቀሳ አይመችም። በልጁ አፍ ውስጥ የምናየው የእናትየውን ያልታከመ ጥርስ፣ የኪሷን አቅም፣ የሥራ ጫናዋን፣ ከጤና ባለሙያ ያገኘችውን ወይም ያጣችውን ምክር ነው። የልጆችን ጥርስ እናድናለን የሚል ሁሉ ሥራውን ከእናትየው አፍ መጀመር አለበት፤ እሷን ለመክሰስ ሳይሆን ለማከም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የወተት ጥርሳቸው የተበላባቸው ሕፃናት ከ500 ሚሊዮን በላይ ናቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። “የወተት ጥርስ እኮ ነው፣ ይነቀላል” የሚለው ማጽናኛ ደግሞ ብዙ ቤት ይሰማል። የመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች የሚነቀሉት ግን ልጁ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያመው ልጅ በደንብ አይበላም፣ ሌሊት አይተኛም፣ ትምህርት አይገባውም፤ መግሉም ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባክቴሪያ ነው። ከጥርስ መበላት ጋር ስሙ ደጋግሞ የሚነሣውን ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስን፣ ክላርክ የተባለ የለንደን ተመራማሪ በ1924 ከተበላ ጥርስ ለይቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያስታወሰው አልነበረም። በ1960 አሜሪካዊው ፖል ካይስ ሃምስተር በሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ላይ ያደረገው ሙከራ ግን ሁሉን ለወጠ። መድኃኒት ተሰጥቷቸው ባክቴሪያው ከጠፋላቸው እናቶች የተወለዱት ግልገሎች ስኳር እየበሉም ጥርሳቸው አልተበላም። ጥርሳቸው ከተበላ ሃምስተሮች ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ የእነሱም ጥርስ መበላት ጀመረ። የጥርስ መበስበስ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነገር እንዳለበት፣ የመጀመሪያዋ አስተላላፊም እናት ልትሆን እንደምትችል በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊድኗ ጎተንበርግ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሰው ላይ ሞከሩት። ምራቃቸው ውስጥ ባክቴሪያው የበዛባቸውን እናቶች መርጠው ጥርሳቸውን አጸዱላቸው፣ የተበላውን ሞሉላቸው፣ ስለ አመጋገብ መከሯቸው። ልጆቻቸው ባክቴሪያውን ዘግይተው ያዙ፤ ጥርሳቸውም ካልታከሙት እናቶች ልጆች የተሻለ ሆነ። በ1993 ደግሞ በአላባማ የነበረው ፔጅ ኮፊልድና ባልደረቦቹ ባክቴሪያው በልጆች አፍ ውስጥ ሥር የሚሰደው በአብዛኛው ከ19ኛው እስከ 31ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው አሉ። ያ የጊዜ መስኮት ኋላ ላይ ተከራካሪ አላጣም፤ ጥርስ ገና ባላበቀሉ ሕፃናትም አፍ ውስጥ ባክቴሪያው ተገኝቷል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ የፊንላንዷ የኢሊቪየስካ ከተማ ጥናት ነው። ባክቴሪያው የበዛባቸው ነፍሰ ጡሮች ተመረጡ። ከወለዱ ከሦስት ወር በኋላ ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ አንደኛው ቡድን በየቀኑ በዛይሊቶል የተሠራ ማስቲካ ያኝካል። ዛይሊቶል ይጣፍጣል፤ ባክቴሪያው ግን ወደ አሲድ ሊለውጠው አይችልም። ሌሎቹ ሁለት ቡድኖች በየስድስት ወሩ ጥርሳቸው ላይ መድኃኒት ይቀባላቸው ነበር፤ አንዱ ፍሎራይድ፣ ሌላው ክሎርሄክሲዲን። ልጆቹን ማንም አልነካቸውም፤ ማስቲካም መድኃኒትም አልተሰጣቸውም። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ባክቴሪያው የተገኘባቸው ልጆች ማስቲካ ካኘኩት እናቶች ዘንድ ከመቶ 10 አይሞሉም፤ ፍሎራይድ ከተቀቡት ዘንድ ግማሽ ያህል ነበሩ። በአምስት ዓመታቸው ደግሞ የማስቲካዎቹ እናቶች ልጆች የጥርስ መበላት ከሌሎቹ በ70 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሙከራው በሌሎች አገሮች ሲደገም ሁልጊዜ ይህን ያህል ውጤት አላመጣም፤ ስለዚህ ማስቲካ መድኃኒት ነው ብሎ ማወጅ አይቻልም። እናትን መርዳት ብቻውን በልጁ አፍ ውስጥ እንደሚታይ ግን ኢሊቪየስካ አሳይታናለች።

ይህ ሁሉ ምርምር ወደ ወላጆች ጆሮ ሲደርስ አንድ አሳዛኝ መልክ ያዘ። በጃፓን ለብዙ ዓመታት እናቶች “ከልጅሽ ጋር ማንኪያ አትጋሪ፣ ምግቡን በአፍሽ አታብርጂ፣ አትሳሚው” እየተባሉ ኖሩ። አያት የልጅ ልጇን በራሷ ማንኪያ ብታጎርስ ቤት ውስጥ ጠብ እስከመነሣት ደረሰ። በነሐሴ 2023 የአገሪቱ የአፍ ጤና ማኅበር መግለጫ አወጣ፤ ማንኪያ ከመጋራት በፊትም ሕፃኑ የወላጆቹን ባክቴሪያ በምራቅ እንደሚያገኝ፣ ዕቃ አለመጋራት የጥርስ መበላትን እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ይልቅ ስኳር መቀነስና ጥርስ ማጠብ ላይ ማተኮር እንደሚሻል ተናገረ። ፍቅር በጉርሻ ለሚገለጽበት ለእኛ አገር ሰው ይህ መግለጫ ሊነገር ይገባዋል። ልጅን ማጉረስ ወንጀል አይደለም። ባክቴሪያው ብቻውን ጥርስ አይበላም፤ የሚበላው ስኳር ሲያገኝ ነው።

ስኳሩ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ልጁ ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ የተሞላ ጡጦ ይዞ ይተኛል። እንቅልፍ ሲወስደው መዋጡን ያቆማል፣ ምራቁም ይቀንሳል። የጣፈጠው ፈሳሽ የላይኛዎቹን የፊት ጥርሶች ከቦ ይቀራል፤ የታችኞቹን ምላስ ይሸፍናቸዋልና ይተርፋሉ። ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ አሲድ ሲለውጠው የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ያጣል። በዚህ ጊዜ የልጁን የላይ ከንፈር በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ ከፍ ያደረገ ሰው፣ ከድዱ ጥግ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ያያል። ያ መስመር ገና ቀዳዳ አይደለም፤ በፍሎራይድና በጥንቃቄ ሊመለስ ይችላል። ካለፈ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቦረቦራል። ከንፈር ገልጦ ለማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ይህን ለእናቶች የሚያሳይ ባለሙያ ማጣታችን ያሳዝነኛል።

የእናት ጡት በዚህ ክስ ውስጥ ሊገባ አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ጡት ማጥባት ከጡጦ ይልቅ ለጥርስም ደግ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ልጁ ዓመት ካለፈውና ጥርስ ካበቀለ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጡት እየጎረሰ ሲያድር ነው፤ መፍትሔውም ጥርሱን ከመኝታ በፊት ማጽዳት ነው እንጂ ጡት ማስጣል አይደለም። የስኳር ጉዳይ ደግሞ ከመጠኑ በላይ የድግግሞሹ ነው። በቀን አንዴ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይና ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ሻይ ለጥርስ አንድ አይደሉም። ይህ በ1940ዎቹና 50ዎቹ በስዊድኑ ቪፔሆልም ሆስፒታል ታወቀ፤ የታወቀው ግን ፈቃዳቸው ያልተጠየቀ የአእምሮ ታማሚዎች ሆነ ተብሎ ከረሜላ እየተሰጣቸው ጥርሳቸው እንዲበላ በመደረጉ ነው። እውቀቱን ስንጠቀምበት የእነሱን ሥቃይ ማሰብ ይገባናል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ እናት ሁለት ተጨማሪ ፈተና አለባት። አንደኛው ግግ ማስወጣት ነው። ልጅ ጥርስ በሚያበቅልበት ወራት ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ምክንያቱ ድዱ ላይ ያበጠው ነገር ነው ተብሎ፣ የክራንቻ ጥርሱ እንቡጥ በስለት ተቆፍሮ ይወጣል። እናትየው ይህን የምታስደርገው ልጇን ለማዳን ነው፤ የምታጋልጠው ግን ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽንና ለተበላሸ ቋሚ ጥርስ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የክራንቻ ጥርሶች ጎድለው አግኝተዋል። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ከውኃ ማጣት የሚያድነው በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ነው።

ሁለተኛው ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ አካባቢና በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ቋሚ የፊት ጥርሶች ድድ ውስጥ የሚሠሩት ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት የጠጣው ውኃ ዕድሜ ልክ በቡናማ ጥርስ ይታያል። ስለዚህ “ፍሎራይድ ጥሩ ነው” የሚለው ምክር አዲስ አበባና ወንጂ ላይ እኩል አይሠራም። የእናትየዋ ጥረት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ መፍትሔው የውኃ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

እርግዝና ጥርስ ይነጥቃል የሚለውን እምነትም ማረም ያሻል። ፅንሱ ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ድድ የሚደማው በሆርሞን ለውጥ፣ ጥርስ የሚሳሳው በተደጋጋሚ ትውከት ነው፤ ሁለቱም ይታከማሉ። ነፍሰ ጡር ጥርሷን ብትታከም ልጇን አትጎዳም፤ “ስትወልጂ ነይ” ማለት ትክክል አይደለም፤ ከወለደች በኋላማ ለራሷ ጊዜ ከየት ታገኛለች?

ሸክሙን ከእናት ላይ ማንሣት እንደሚቻል ስኮትላንድ አሳይታለች። ቻይልድስማይል በተባለው ፕሮግራም ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ለቤተሰብ በነፃ ይታደላል፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች በአስተማሪ ፊት በየቀኑ ጥርሳቸውን ያጥባሉ። ለአምስት ዓመት ልጆች የጥርስ ሕክምና የሚወጣው ወጪ በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ በግማሽ ገደማ ወረደ።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን መንገድ አለ፤ ክትባት። እናት ልጇን በዘጠኝ ወሩና በአሥራ አምስት ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ይዛ ትመጣለች፤ የፊት ጥርሶች ብቅ ባሉበት ጊዜ ማለት ነው። በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚያች ሰዓት ከንፈሩን ገልጠው ቢያዩ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሩዝ ፍሬ በምታህል መጠን እንዲደረግ ቢያሳዩ፣ የተቦረቦረ ካለም ወደ ጤና ጣቢያ ቢልኩ ብዙ ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል፤ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድም አብሮ ገብቷል። ይህ ያለ መሰርሰሪያና ያለ መርፌ በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል፣ መበላቱን ግን ያስቆማል። ክትባት ካርዱ ላይ ስለ ጥርስ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ከዚያው መስመር ላይ የእናትየው ጥርስም መታየቱ ይመዝገብ። ያመማትን ጥርስ ተሸክማ ልጇን ለማስከተብ የመጣችን ሴት፣ የራሷን ሕመም ሳንጠይቃት ወደ ቤቷ መመለስ የለብንም።