ለግብር ዝቅ፣ ለካሳ ከፍ፦ በመኪና አደጋ የቀረ ገቢ በስንት ይሰላል?

መኪና የገጨው ነጋዴ በቅድሚያ የሚያሳስበው የሕክምና ወጪው ነው። ሱቁ ተዘግቶ የከረመበት ሂሳብ ትዝ የሚለው ክራንች ይዞ ከተነሣ በኋላ ነው። ሕጉ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም በቁጥር 2092 ይታሰባል። የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በቁጥር 2081 መሠረት ተጠያቂ ነው።

ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። ነጋዴውና ደላላውስ?

አንድ የመርካቶ ነጋዴ አራት ወር ተኛ እንበል። በወር 20 ሺህ ብር ያገኛል፤ ለግብር ያስታወቀው ግን 6 ሺህ ነው። ለአራቱ ወራት 80 ሺህ ቢጠይቅ ወረቀቱ የሚመሰክርለት ለ24 ሺህ ብቻ ነው። የሐኪሞች ቦርድ 30 በመቶ ቋሚ ጉዳት ከወሰነና ሊሠራ የሚችልባቸው 15 ዓመታት ከቀሩት፣ ፍርድ ቤት በተለመደው ስሌት የዓመት ገቢው በመቶኛውና በቀሪዎቹ ዓመታት ይባዛል። በ6 ሺህ ሂሳብ 324 ሺህ ብር ይመጣል። በ20 ሺህ ቢሆን 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ነበር። ከግብር የሸሸው ገንዘብ ካሳውንም ይዞት ሸሸ ማለት ነው!

ደላላውም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፤ የኮሚሽን ደረሰኝ የሚቀበል ደላላ ስንት አለ? በእርግጥ ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በቁጥር 2102 በርትዕ ይቆርጣል። በርትዕ የሚቆረጥ ካሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ካሰበው ያንሳል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ኢንሹራንሱ ሁሉንም እንደማይከፍል ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ቁጥሩ ሊሻሻል ይችላል፤ ጣሪያነቱ ግን አይቀርም። ባለመኪናው ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛ ከጣሪያው የተረፈው ከራሱ ኪስ ይጠየቃል። ስለዚህ ተጎጂው ክሱን በመድን ድርጅቱ ላይ ብቻ ቢያቀርብ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። የጉዳት ካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ አደጋው ረዘም ያለ የይርጋ ዘመን ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃና የግብር ደረሰኝ ከወዲሁ ይሰብሰቡ። ቼክ ይዞ የሚመጣ የመድን ሠራተኛም “ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለኝም” የሚል ወረቀት ያስፈርማል። የቦርዱ ውሳኔ ሳይታወቅ የፈረመ ሰው፣ እግሩ እንደማይድን በኋላ ቢነገረውም ያንን ፊርማ ማስነሣት ቀላል አይሆንለትም።