መድኃኒት የሌለው መርፌ

እኛ ዘንድ «መርፌ ተወጋሁ» ያለ ሰው መድኃኒት ተሰጠኝ ማለቱ ነው። ስለዚህ አኩፓንክቸር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በልጅነት የተወጋነው ፔኒሲሊን ነው። የአኩፓንክቸር መርፌ ግን ድፍን ብረት ነው፤ ቀዳዳ የለውም፣ መድኃኒትም አያስገባም። ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በጣት ጫን ሲሉት ለመጥ ይላል።

ጥበቡ የቻይና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ113 ዓመት ከሞተው ከልዑል ሊዩ ሸንግ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1968 የወርቅና የብር መርፌዎች ወጥተዋል። በቻይናውያኑ አስተሳሰብ «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል በ12 ዋና ዋና መስመሮች በሰውነት ይዘዋወራል፤ በሰውነት ላይ ደግሞ ዛሬ ከ360 በላይ ነጥቦች ይቆጠራሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ በምትልካቸው የሕክምና ቡድኖች ውስጥም የመርፌ ባለሙያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በጥያቄ ይጀምራል። ባለሙያው ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ይጠይቃል፤ ምላስ ያያል፤ በሦስት ጣቱ የሁለቱንም እጅ የደም ምት ያዳምጣል። እርስዎም ያልተጠየቁትን ይናገሩ፦ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ልብዎ ላይ የምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ካለ። በባዶ ሆድ መርፌ ራስን ሊያስት ስለሚችል በጾም ወቅት ቀጠሮውን ምግብ ከቀመሱ በኋላ ያድርጉት።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወገቡ ላይ ወይም እጁ ላይ ቢወጋ አይግረመው። ብዙ ጊዜ ከሚወጉት ነጥቦች አንዱ ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ወረድ ብሎ፣ ከቅልጥሙ በስተውጭ ያለው ነው። ባለሙያው ቦታውን በአልኮል ይጠርጋል፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስቀምጣል፣ ከቱቦው ብቅ ያለውን የመርፌ ጫፍ በጣቱ መታ ያደርጋል። ሲገባ ቆንጠር ያደርጋል፣ ወይም ጭራሹን አይሰማም። ቆየት ሲል ከሥር ክብደት ወይም ድንዛዜ ይመጣል፤ ቻይናውያኑ የሚፈልጉት ይህን ስሜት ነው። የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ግን ሌላ ነው። ሐኪም ፊት መቻል ጨዋነት ይመስለናል፤ እዚህ ላይ አይቻሉ፣ ወዲያው ይናገሩ።

መርፌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ። አንዳንዱ በዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዳንድ ቦታ ነጥቦቹን በሚጨስ ቅጠል ያሞቋቸዋል፤ ቅጠሉ የአሪቲያችን ዘመድ ነው። መርፌው ሲነቀል ጠብታ ደም ወይም ትንሽ ብልዝ ሊታይ ይችላል።

ይፈውሳል ወይ? ለሥር የሰደደ የወገብ፣ የጉልበትና የራስ ምታት ሕመም ማስታገሻነቱ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎችን መረጃ ያጠናቀረ ጥናት፣ በመርፌ የታከሙት ካልታከሙት ይልቅ ሕመማቸው መቀነሱን አሳይቷል፤ ከማስመሰያ መርፌ ጋር ሲወዳደር ግን ልዩነቱ አነስተኛ ነው። ስኳርን፣ ካንሰርን ወይም ኢንፌክሽንን አድናለሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ ተነሥተው ይውጡ። ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከእግር መድከም ጋር ከመጣም መርፌው ይቆይና ምርመራው ይቅደም።

አንድ ነገር ግን አይለፉ፦ መርፌው ከታሸገበት ወረቀት እርስዎ እያዩ ይውጣ፣ ከተነቀለም በኋላ ይጣል። በአግባቡ ያልጸዳ መርፌ ተላላፊ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ሳንባ ባለበት በደረት አካባቢም ጥልቀቱን የሚያውቅ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል።

ሕክምናው የአንድ ቀን አይደለም፤ ለራስ ምታት ለምሳሌ በእንግሊዝ የሚመከረው ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ቀጠሮ ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ሳያርፉ ስንት ደረጃ እንደሚወጡ በወረቀት ይጻፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን መልሰው ያንብቡት። ደረጃው ከቀለለዎ ይቀጥሉ፤ ካልቀለለዎም ገንዘብዎንና ጊዜዎን ይዘው ወደ ሌላ ሐኪም ይሂዱ።