ጆሮም ኳስ ያያል

ለመሆኑ ኳስ የሚታየው በዓይን ብቻ ነው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ “ታዲያ በምን ሊታይ ነው?” ከሚሉት ወገን ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ግን ዲኤስቲቪ ቤት የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ጨዋታ እያየን ሳለ የቤቱ ስፒከር ድንገት ጸጥ አለ። ምስሉ እንዳለ ነው፤ የጠፋው ድምፁ ብቻ ነው። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ወሬ በወሬ ሆነ። አንዱ ሞባይሉን ይነካካል፣ ሌላው ሻይ ያዛል። ጎል ሲገባ እንኳ “ገባ እንዴ?” ብሎ የጠየቀ ነበር። ስፒከሩ ሲስተካከል ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረ። የጎደለን ኮሜንታተሩ ነው እንዳይባል፣ ግማሻችን እንግሊዝኛውን በቅጡ አንከታተለውም። የጎደለን የሕዝቡ ጩኸት ነው።

ያኔ አንድ የልጅነት ነገር ትዝ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ የቅዱስ ጊዮርጊስንና የኢትዮጵያ ቡናን ጨዋታ ሊያሳየኝ አዲስ አበባ ስታዲየም ይዞኝ ገብቶ ነበር። የተቀመጥነው ሚስማር ተራ ነው። ትልልቆቹ ቆመው ስለሚያዩ ለእኔ የሚታየኝ የሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ሆኖም ጨዋታውን ተከታትያለሁ ብል አልዋሸሁም። ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ ጩኸቱ ከስር እየጨመረ ይመጣል፤ ስትሳት ሁሉም ባንድ ላይ “ኡፍ!” ይላል፤ ዳኛው ያላስደሰታቸው እንደሆነ ፉጨቱ ይቀልጣል።

እንግዲህ የደጋፊ ድምፅ ማድመቂያ ብቻ ሳይሆን መረጃም ነው ማለት ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ በአብዛኛው ኳሷን ነው የሚከተለው። በሌላው መስመር ብቻውን የሚሮጠውን አጥቂ እኛ ስክሪኑ ላይ ሳናየው ስታዲየም ያለው ሕዝብ ያየዋል፤ ይጮኻልም። ስለዚህ ቤት ያለው ተመልካች “አንድ ነገር ሊመጣ ነው” ብሎ ከወንበሩ ብድግ የሚለው ጆሮው ቀድሞ ስለነገረው ነው።

ቁም ነገሩ ታዲያ የድምፁ ብዛት አይደለም፤ መለዋወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ቩቩዜላ ብዙ የቴሌቪዥን ተመልካች ያማረረው ለዚህ ይመስለኛል። እጅ ውርወራ ሲሆንም ጎል ሲገባም ያው አንድ ዓይነት “ዝዝዝ” ነው። አንዳንድ ጣቢያዎች ድምፁን ለመቀነስ ማጣሪያ እስከመጠቀም ደርሰዋል።

ድምፅ የሚመራው ተመልካችን ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአለን ኔቪልና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በሊቨርፑልና በሌስተር ሲቲ ጨዋታ የተደረጉ 47 የኳስ ንጥቂያዎችን ለ40 ዳኞች በቪዲዮ አሳየ። ከፊሎቹ ከነጩኸቱ፣ ከፊሎቹ ያለድምፅ ነው ያዩት። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ቡድን ላይ የሰጡት ፋውል 15 በመቶ ግድም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምስሉ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሌላ!

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኮሮና ያልታሰበ ፈተና ይዞ መጣ። የጀርመን ቡንደስሊጋ በግንቦት፣ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በሰኔ ያለተመልካች ቀጠሉ። በባዶ ስታዲየሞች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም እንግዳ ቡድኖች ላይ ይበዛ የነበረው ቢጫ ካርድ መቀነሱን አሳይተዋል። ቴሌቪዥኖቹ ግን ዝምታውን አልቻሉትም። ስካይ ስፖርትስ “ፊፋ” ከተባለው የቪዲዮ ጌም የተወሰደ የደጋፊ ድምፅ ከጨዋታው ጋር አስተላለፈ፤ ያልፈለገ ተመልካች ያለተጨማሪ ድምፅ የሚያይበትን ምርጫም ሰጠ። ችግሩ ምንድን ነው? ድምፁን የሚለቀው ባለሙያ የሚያየው እንደኛው ስክሪን ነው። ሕዝቡ ቀድሞ ይጮኻል፤ እሱ ግን ካየ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከዚህም በላይ፣ ፋውል ሲሠራ ቁጣ ይልቀቅ ወይስ ዝም ይበል? የትኛውንም ቢመርጥ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደኛ ሙያ የሚመጣው። ባለፈው ሴሚስተር ለሬዲዮ ፕሮዳክሽን ኮርስ የዲፓርትመንቶች ጨዋታ ዘገባ ሠርቼ ነበር። የቀዳሁት ድምፅ ቀዘቀዘብኝና ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የስታዲየም ጩኸት ከስር አስገባሁበት። በቃ፣ ዘገባው ነፍስ ዘራ! ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። እውነቱ ግን ሜዳው ዳር የነበርነው 30 ሰው አንሞላም። የተጫዋቾቹን ስም፣ የጎሎቹን ደቂቃ፣ ውጤቱን ሦስት ጊዜ አጣርቻለሁ። ያልነበረ ሕዝብ ማስጮኼ ግን ስህተት መስሎ አልታየኝም ነበር፤ ምክንያቱም ድምፅን እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ወሬ አልቆጠርኩትም።

ድምፅ መረጃ ከሆነ ግን የተጨመረ ጩኸት የተጨመረ ቃል ማለት ነው። ሰው ተናገረ ብለን ያላለውን አንጽፍም አይደል? የስታዲየሙ ሕዝብም ያላለውን ልናስብለው አይገባም። የግድ መጨመር ካለበት ለአድማጩ መናገር ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔም ያንን ዘገባ ጩኸቱን አውጥቼ እንደገና ቆርጬዋለሁ። ከጀርባው አሁን የሚሰማው የአንድ ልጅ ፉጨትና የኳሷ ድምፅ ነው። ቀዝቃዛ ነው፤ ግን የዚያን ቀን ሜዳው እንደዚያ ነበር። ማርኩን በተመለከተ፣ መምህሬ ይህን ካነበቡ በኋላ የሚወስኑት ይሆናል።

ቸር ያሰማን!