ከመጽሐፍ ወጥተው በር የሚያንኳኩ

በአሜሪካ ኦክቶበር 31፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሕፃናት ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው በየሰፈሩ ይወጣሉ። በር ያንኳኳሉ፣ ከረሜላ ይቀበላሉ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ። ሃሎዊን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ይዘውት የተሻገሩት በዓል በመሆኑ አጽም፣ ጠንቋይና መንፈስ አይጠፉበትም። ከእነዚህ መሐል ግን ነጭ የተኩላ ልብስ ለብሶ ዘውድ የደፋ ልጅ፣ ራሱ ቀይ የሆነ አረንጓዴ አባጨጓሬ፣ ባለ ሹል ቆብ ቀይ ልብስ የለበሰ ሕፃን ብቅ ይላሉ። ከሕፃናት መጻሕፍት የወጡ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ልብሳቸውም ብዙ ጊዜ እቤት ውስጥ የተሰፋ ነው።

ሥራው የሚጀመረው መጽሐፉን ከልጁ ጋር ገልጦ በማየት ነው። ልጁ ማንን መሆን እንደሚፈልግ ከመረጠ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ገጸ ባሕርይ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚያስለየው ምንድን ነው? ሠዓሊው አስቀድሞ አስቦበታል። የሉድቪግ ቤመልማንስ ማደሊን ሰፊ ቢጫ ባርኔጣ ታደርጋለች። የዶክተር ሱስ ድመት ቀይና ነጭ መስመር ያለው ረጅም ባርኔጣ ይደፋል። የአስትሪድ ሊንድግሬን ፒፒ ቀያይ ጉንጉኖቿ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ቀጭን ሽቦ ከጸጉሩ ጋር አብሮ ቢጎነጎን ይቆማሉ። ይህን አንድ ምልክት አጥርቶ የሠራ ሰው የቀረውን ከቁም ሣጥን ቢያወጣ ማንም አይሳሳትም። ምልክቱ ከተሳተ ግን ልጁ በየበሩ ማንነቱን ሲያስረዳ ያመሻል።

ለጀማሪ ማክስን እመክራለሁ። ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» ውስጥ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን የሚያምሰው ልጅ ነው። ነጭ ባለ ቆብ ሹራብና ነጭ ሱሪ መነሻ ይሆናሉ። ጆሮዎቹ ከፌልት ይቆረጣሉ። ፌልት ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ስለሆነ ጠርዙ አይተረተርም፤ መዘምዘም የማይችል ሰውም ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ ጆሮ ሁለት ሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ ይገለበጥና ትንሽ ጥጥ ይገባበታል። ጆሮ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ጠረጴዛ ላይ አይለካም። ቆቡ ልጁ ራስ ላይ ሆኖ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ አለዚያ ሲለበስ ጆሮው ወደ ኋላ ይጋደማል።

ጭራው ከሁሉም ያስቸግራል። ረጅም ነጭ ካልሲ ጥጥ ሞልተው ሱሪው ላይ ቢሰፉት ክብደቱ ሱሪውን ወደ ታች ይጎትተዋል። መፍትሔው ሰፋ ያለ ላስቲክ በወገብ ልክ ቆርጦ ጭራውን እሱ ላይ መስፋት ነው። ላስቲኩ ከሹራቡ ሥር ይታሰራል፤ ጭራው ከሹራቡ ጫፍ በታች ይወጣል፤ ልጁ መጸዳጃ ቤት ሲገባም ልብሱን ሁሉ ማውለቅ አያስፈልገውም። ከፊት ትልልቅ ቁልፎች ይተከላሉ፣ ጢሙ ከጥቁር የጫማ ክር ይወጣል፣ ዘውዱ ካርቶንና ቢጫ ቀለም ነው።

የኤሪክ ካርል አባጨጓሬ የ1969 ሥራ ነው። ቀይ የሱፍ ቆብ፣ ቢጫና አረንጓዴ ዓይን፣ ሐምራዊ አንቴና፣ አረንጓዴ ልብስ፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካሉ አባጨጓሬው የበላቸውን ፍራፍሬዎች ከካርቶን ሠርተው መከተል ይችላሉ፦ አንድ ፖም፣ ሁለት ፒር፣ ሦስት ፕለም፣ አራት እንጆሪ፣ አምስት ብርቱካን። እያንዳንዳቸው መሐላቸው ይበሳል።

እኔ አብልጬ የምወደው ፒተርን ነው። በኤዝራ ጃክ ኪትስ «ዘ ስኖዊ ዴይ» ውስጥ በረዶ በወረደ ማለዳ ወደ ውጭ የሚወጣ ጥቁር ሕፃን ነው። መጽሐፉ በ1962 ወጣ፣ በማግስቱ ዓመት ለሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ የሚሰጠውን የካልዲኮት ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ልጅ ባለታሪክ ሆኖ ማግኘት ብርቅ ነበር። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020፣ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር ባወጣው ዝርዝር፣ ከተቋቋመ ጀምሮ ከሁሉ በላይ የተዋሱት መጽሐፍ ይኸው ነው። ለልብሱ የሚያስፈልገው ቀይ ባለ ቆብ ቱታ ነው፤ የቆቡ ጫፍ ሹል እንዲሆን ከውስጥ ሁለት ስፌት ይጨመርበታል። ፒተር በረዶ ላይ መስመር የሚያሰምርበት እንጨትም አይረሳ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ብርዱ ይበረታል፤ በስንት ድካም የተሰፋ ልብስም ካፖርት ተደርቦበት ሳይታይ ይቀራል። የፒተር ልብስ ግን ራሱ ካፖርት ነው። ለጥቁር ልጅ ደግሞ ፊቱን ሳይቀባ፣ ጸጉሩን ሳይሸፍን፣ በራሱ መልክ ባለታሪክ መሆን ትልቅ ነገር ነው።

እቤት መሥራት የዚህ በዓል ነባር ልማድ ነው። የማሳቹሴትሱ የዴኒሰን ኩባንያ በ1909 ያወጣው «ቦጊ ቡክ» የተባለ መጽሔት ለሃሎዊን ጌጥና ልብስ ከክሬፕ ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስተምር ነበር። ኋላ የኒው ዮርኩ ቤን ኩፐርን የመሰሉ ድርጅቶች በካርቶን የታሸገ ርካሽ ልብስ ለገበያ አቀረቡ፦ አንድ የፕላስቲክ ጭንብልና አንድ ስስ ቀሚስ። ብዙዎቹ ቀሚሶች ደረታቸው ላይ የገጸ ባሕርዩ ሥዕል ወይም ስም ታትሞባቸዋል። ልብሱ ራሱ አይናገርም ማለት ነው። የመደብር ልብስ ከመጽሐፉ ይልቅ ፊልሙን መከተልም ይቀናዋል። በፍራንክ ባውም የ1900 መጽሐፍ የባለታሪኳ የዶረቲ ጫማ የብር ነው፤ ቀይ ያደረገው የ1939ኙ ፊልም ነው። መጽሐፉን አንብባ ያረጀ ጫማዋን በብርማ ቀለም የቀባች ልጅ በየበሩ የምትነግረው ታሪክ አላት።

አደጋውም መነገር አለበት። ጭንብል ዓይን ይጋርዳል፤ ፊትን በቀለም መቀባት ይሻላል። ልብሱ ከቁርጭምጭሚት በታች ከወረደ ደረጃ ላይ ይጥላል። በየደጃፉ በተቦረቦረ ዱባ ውስጥ ሻማ ስለሚበራ ከወረቀትና ከተንጠለጠለ ስስ ጨርቅ መራቅ ነው። አሜሪካ በ1953 ተቀጣጣይ ጨርቆችን የሚመለከት ሕግ ያወጣችው ሕፃናት በለበሱት የካውቦይ ልብስና በቀላሉ በሚነድ ሹራብ ተቃጥለው ከሞቱ በኋላ ነው። መኪና እንዲያያቸው ደግሞ ጀርባቸው ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ይለጠፍ።

በአሜሪካ ካሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ብዙዎቹ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ሃሎዊንን በጥርጣሬ ያዩታል። ቡሄ ሲጨፍር ላደገ ሰው ልጆች ከደጅ ደጅ መዞራቸው እንግዳ አይደለም፤ የሚከብደው አጽሙና መንፈሱ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በዚያው ሰሞን የመጽሐፍ ገጸ ባሕርያት ሰልፍ ስለሚያዘጋጁ ለእንደነዚህ ያሉ ቤተሰቦች መግቢያ በር ይሆናል። ምርጫውም በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብቻ መወሰን የለበትም። አንበሳንና ጅብን በብልሃቷ የምታታልለው ጦጢት አለችልን። ተረቷ በቃል የወረደ ስለሆነ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሥዕል የላትም፤ ምልክቷን መምረጥ ለልጁና ለሰፊዋ ይቀራል። ቡናማ ባለ ቆብ ሹራብ፣ ክብ ጆሮዎች፣ በቀጭን ሽቦ ቅርጽ የያዘ ረጅም ጭራ። ሽቦው ጫፉ ተጠምዝዞ በቴፕ ይጠቅለል፣ ጭራውም እንደ ማክስ በላስቲክ ይታሰር። የቀረውን ተረቱን ጠይቆ መሥራት ነው፤ ልጁ ታሪኩን በአማርኛ መናገር ከቻለ በር ለሚከፍት ጎረቤት በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ አያቅተውም።