ደም የተቀዳ ሰንጋ አንገቱ ሲያብጥ

በጅቡቲ ወይም በበርበራ በኩል ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚላክ ከብት በለይቶ ማቆያ ሳለ ለብሩሴሎሲስና ለሌሎች በሽታዎች ምርመራ ደም ይቀዳል። በማግስቱ አንዳንዱ ሰንጋ አንገቱ አብጦ ይገኛል። ገዢ «ሕመም አለበት» ብሎ ዋጋ ይሰብራል፤ ነጋዴም ሐኪሙን ይወቅሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ደም የሚቀዳው ከአንገቱ ትልቅ ደም ሥር ነው። ከብቱ ሲወራጭ መርፌው ደጋግሞ ከወጋው፣ ወይም መርፌው ሲወጣ ቦታው በጣት ካልተጫነ፣ ደም ከቆዳው ሥር ይጠራቀማል። እንዲህ ያለው እብጠት ከተወጋበት ቦታ አይሰፋም፤ እያደር ይጎድላል። አይብጡት፤ የተበጣ እብጠት ያመረቅዛል።

እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከጋለ፣ ሲጫኑት ከተንኮሻኮሸ ወይም ከብቱ መኖ ካቆመ ግን አባ ጎርባ ሊሆን ይችላል። ለይተው አስረው በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ።

ደም ሲቀዳ ከብቱን አጥብቀው ያስይዙ፤ ለእያንዳንዱ ከብት ንጹሕ መርፌ ይጠይቁ፤ ቦታውን አንድ ሁለት ደቂቃ ያስጭኑ። የጆሮውን ቁጥር፣ ቀኑንና የተወጋበትን ጎን ጽፈው ከጤና ምስክር ወረቀቱ ጋር ይያዙ። ገዢ ሲጠይቅ መልስ የሚሆንዎ ይኸው ነው።