ቶኪዮ ለእንግዳ፣ ቶኪዮ ለስደተኛ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የአያቶቻችን ዘመን ምሁራን ግን ሳያዩ የናፈቋት አንዲት አገር ነበረቻቸው፤ ጃፓን። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተረቀቀ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ ያዩትን በመጽሐፍ አስፍረዋል። በስደት ተወልደን ያደግን ሦስት ጓደኛሞች ባለፈው ሚያዝያ በጀርባችን አንዳንድ ቦርሳ አዝለን ቶኪዮ ስንገባ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን ይህን ናፍቆት ይዘን ነበር።

የመጀመሪያው ፈተናችን የሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጊነስ መዝገብ በቀን 3.6 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚተላለፍበት፣ በዓለም አንደኛ ጣቢያ ብሎ የመዘገበው ነው። መውጫው ብቻ ከ200 ይበልጣል። ከመሬት በታች አንድ ሰዓት ያህል ስንዞር ቆየን። በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እንግሊዝኛ ባይችሉም፣ በጣታችን የጠቆምነውን ካርታ አይተው፣ የራሳቸውን መንገድ ትተው እስከ ደቡቡ መውጫ አደረሱን። ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተውንም ተመለሱ።

ከዚያ መውጫ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ጎዳና ኮሹ ካይዶ ይባላል። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964 የሮጠው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ እስከ ቾፉ ሮጦ ተመልሶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ዛሬ ጎዳናው የመኪና ወንዝ ነው። እኛ ግን ዳር ይዘን ቆምን። ከአጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ኢትዮጵያ» ስንላቸው ፊታቸው በራ፤ «አበበ! አበበ!» አሉ። እዚያ አገር የሚያኮራ ስም ይዘን መጥተን ነበርና ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ የኪስ ቦርሳውን ባቡር ላይ ረስቶ ወረደ። የያዘው ገንዘብ የሳምንት መኖሪያችን ነበር። ኮባን ወደሚሉት በየሰፈሩ ወደሚገኘው ትንሽ የፖሊስ ቤት ገብተን አመለከትን። ውድ አንባብያን፣ በማግስቱ ቦርሳው ከነገንዘቡ ተገኘ፤ አንድ የን አልጎደለም። ይህ የእኛ ዕድል ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በቶኪዮ ብቻ ወድቆ የተገኘና ለፖሊስ የተረከበው ዕቃ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሕጉም ያግዛል፤ ባለቤቱ ለአግኚው ከዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይከፍላል፤ በሦስት ወር ውስጥ ባለቤት ካልመጣም ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ለአግኚው ይሆናል። ወላጆቻችን እስከ ዛሬ «ፖሊስ ጣቢያ» የሚለውን ቃል ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ ከፖሊስ ቤት እየሳቅን ወጣን። አባቶቻችን የናፈቁት ይህንን ሳይሆን አይቀርም አልን።

ወደ ኦሳካ ስንነሳ ኪሳችን አስተማረን። ለጎብኚዎች የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ትኬት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘሏል። ስለዚህ ፈጣኑን ባቡር ለባለጸጎች ትተን በሌሊት አውቶቡስ ሄድን። ኦሳካ ከቶኪዮ ይልቅ ጨዋታ ታውቃለች። ቶኪዮ ውስጥ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በግራ የሚቆመው ሰው፣ ኦሳካ ሲደርስ በቀኝ ይቆማል። ያደርነው ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ነበር፤ እንዲህ ያለው የካፕሱል ሆቴል መጀመሪያ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው ኦሳካ ነው።

በኦሳካ ልባችንን የነካው ግን ቱሩሃሺ የሚባለው የኮሪያውያን ገበያ ነው። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 በቅኝ ስትገዛ ብዙ ኮሪያውያን በዚህ ከተማ ፋብሪካዎች ሊሠሩ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1952 በአንድ ቀን የጃፓን ዜግነታቸውን አጡ። በ1991 ልዩ የቋሚ ነዋሪነት መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣላቸው። ይሁን እንጂ እዚያው የተወለደው የልጅ ልጅ እንኳ አመልክቶ ዜግነት ካልተቀበለ የውጭ ዜጋ ነው፤ በምርጫም ድምፅ አይሰጥም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ትረዱታላችሁ።

ጉዟችንን የጨረስነው ቶኪዮ ተመልሰን በካትሱሺካ ነው። በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር የሚገኝ፣ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው የሚኖሩበት ወረዳ ነው። አንድ ጋሼ ቤታቸው ወስደው ሽሮና ቡና አቀረቡልን። አገር ቤት ሳሉ ታስረው ነበር፤ ጥገኝነት ከጠየቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የተሰጣቸው ወረቀት «ጊዜያዊ መልቀቂያ» ይባላል። ይህን ወረቀት የያዘ ሰው መሥራት አይችልም፤ የመንግሥት የጤና መድን የለውም፤ ሳያስፈቅድም ከሚኖርበት አስተዳደር ክልል አይወጣም። የቶኪዮ ወሰን በዚያ በኩል የኤዶ ወንዝ ነው፤ ከቤታቸው ብዙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በጃፓን 13,823 ሰዎች ጥገኝነት ጠይቀው በዚያው ዓመት ስደተኝነታቸው የታወቀላቸው 303 ብቻ ናቸው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ያመለከተ ሰው ማመልከቻው እየታየ እንኳ ሊባረር ይችላል። ይህን እያወቅን ስለ ቦርሳው ታሪክ ስናወራ እፍረት ያዘን። ጋሼ ግን ሳቁ። «ልጆች፣ እውነታችሁን ነው፤ ይቺ አገር ክፉ አይደለችም። የወደቀ ቦርሳ ትመልሳለች። የወደቀ ሰው ግን የት እንደምታኖረው ገና አላወቀችም» አሉን።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጉዞ መንገዱን ሁሉ የከፈተልን ፊታችን ወይም የአበበ ስም ብቻ አልነበረም። ኪሳችን ውስጥ የነበረው የምዕራብ አገር ፓስፖርትና የመመለሻ ትኬት ነው። ያንን ወረቀት ያገኘነው ደግሞ ወላጆቻችን በዕድሜያቸው አጋማሽ በር ሲያንኳኩ የከፈተላቸው አገር ስለነበረ ነው። ጃፓንን ማድነቅ ተገቢ ነው፤ እኛም አድንቀናል። የአገርን ልክ ለማወቅ ግን እንግዳውን ብቻ ሳይሆን በር ላይ የቆመውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ መለኪያ ለቶኪዮ ብቻ አይደለም፤ ለምንኖርባቸው አገሮችም፣ ሰው ለሚሸሻት ለራሳችን አገርም ይሠራል።

በማግስቱ ጋሼ ከእኛ ጋር እስከ ባቡር ጣቢያው መጡ። ቦርሳችንን አሸክመውን፣ ጉንጫችንን ስመው፣ «አገር ቤት ስትደርሱ ሰላም በሉልኝ» አሉን። አገር ቤት እንደማንሄድ ያውቁ ነበር። ወደ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ባቡር ጥቂት እንደተጓዘ የኤዶን ወንዝ ተሻገረ። ለመሻገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

ቸር ይግጠመን!